የሌጌዎን ዲናር፦ የገዥው ፊት የሌለበት የሮማ ብር

ንስር12

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ አክሱም ሳንቲሞችና ስለ ማርትሬዛ ብዙ ተወርቷል። ስለ ሮማ ብር ግን እምብዛም አላየሁም። እኔ የምኖረው ለንደን ነው፤ እዚህ የሮማ ሳንቲም እንደ ልብ ይገኛል። በቅርቡ የሮማው የጦር አዛዥ የማርክ አንቶኒ የሆነ አንድ ዲናር (የሮማ የብር ሳንቲም) ገዛሁ። ስለሷ ልንገራችሁ፣ እናንተም የምታውቁትን ጨምሩበት። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።)

ሳንቲሟ ትንሽ ናት። ስፋቷ 18 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ክብደቷ 3.5 ግራም ገደማ ነው። በአንደኛው ገጽ የጦር መርከብ አለ። መቅዘፊያዎቹ ከጎኗ ተደርድረው ወደ ውኃው ወርደዋል። ከላይና ከታች የአንቶኒ ስምና ማዕረግ በምህጻረ ቃል ተጽፏል። ሌላኛው ገጽ መሀሉ ላይ ረጅም ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ንስር ቆሟል። ከንስሩ ግራና ቀኝ ሁለት የጦር ዓርማዎች ተተክለዋል። ዓርማዎቹ ላይ ክብ ክብ ጌጦች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ከሥር «ሌግ» የሚል ጽሑፍና የሮማ ቁጥር አለ። የኔዋ 6 ትላለች። ስድስተኛው ሌጌዎን ማለት ነው፤ ሌጌዎን ትልቅ የሮማ የጦር ክፍል ነው።

ልብ በሉልኝ፤ የማንም ፊት የለባትም። እኛ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ብለን ሳንቲም ስንወረውር አንዱ ገጽ የገዥው መሆኑን ለምደናል። እዚህ ላይ ዘውድ የሚባል ነገር የለም። አንቶኒ ፊቱን ሳንቲም ላይ ማውጣት የሚጠላ ሰው ስለነበር አይደለም። ከዚያ በፊት በአንድ ገጽ የራሱን፣ በሌላው የግብፅዋን ንግሥት የክሊዮፓትራን ፊት ያስቀረጸበት ዲናር አለው። በዚህ ጊዜ ግን ሁለቱንም ተወው።

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 32 እና 31 ነው። አንቶኒ ጦሩንና መርከቦቹን ይዞ በግሪክ ምዕራባዊ ጠረፍ ሰፍሯል። ከፊቱ የሚጠብቀው ኦክታቪያን ነው፤ በኋላ አውግስጦስ ቄሳር የተባለው። የሁለቱም ወታደሮች ሮማውያን ናቸው። ኦክታቪያን ደግሞ ጦርነቱን ያወጀው በአንቶኒ ላይ ሳይሆን በክሊዮፓትራ ላይ ነው። ስለዚህ የአንቶኒ ወታደር «ለማን ነው የምዋጋው?» ቢል አይፈረድበትም። ክሊዮፓትራን በዚያ ሰዓት ሳንቲም ላይ ማውጣት ለኦክታቪያን ወሬ ማገዶ መስጠት ነበር።

አንቶኒ ያደረገው ይኼ ነው፤ ከ2ኛው እስከ 23ኛው ላሉት ሌጌዎኖች በየቁጥራቸው ዲናር አስመታ። ለክብር ዘበኞቹና ለቃኚዎቹም ለየብቻ አስመታላቸው። እንደኔ እምነት ሳንቲሙ ወታደሩን የሚያናግረው በገዥው ስም አይደለም፤ በራሱ በወታደሩ ስም ነው። ንስሩ ያንተ ነው፣ ቁጥሩም ያንተ ነው፣ የምትዋጋው ለዚህ ነው ይለዋል። ከዚያ በፊት ጦሩን በዚህ መጠን፣ በየቁጥሩ ያናገረ የሮማ ሳንቲም የለም።

ስለ ንስሩ አንድ ነገር ልጨምር። ጋይዩስ ማሪዩስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 104 ላይ ንስርን የሌጌዎኑ ዋና ዓርማ አደረገው። ከዚያ በፊት ተኩላም፣ ፈረስም፣ ከርከሮም ነበሩ። ከማሪዩስ ወዲህ አንድ ሌጌዎን አንድ ንስር ነው ያለው። ንስሩን በጦር ሜዳ የተቀማ ሌጌዎን ስሙ ይጠፋል።

ድሮና ዘንድሮ

ወንድሜ ንስር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፣ የስድስተኛው ሌጌዎን ወታደር የሚከፈለው «6» የሚለው ዲናር ብቻ ነበር ማለት ነው?

ሁለተኛ፣ ባስቀመጥከው ፎቶ ላይ መርከቧ ልሙጥ ልትሆን ምንም አልቀራት። ብዙ እጅ የዞረች ትመስላለች። ማርትሬዛም 1780 የሚል ዓመት ይዛ እኛ ዘንድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ገበያ ላይ ነበረች። የቆየችው ሰው ስላመናት ነው። የአንቶኒም እንደዚያ ይሆን?

አባ መዝገብ

ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ በተለይ ሁለተኛው።

ስለ አንደኛው፦ በአንድ ማሰሮ ተቀብረው ከሚገኙ ክምችቶች ውስጥ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ዲናሮች ተደባልቀው ነው የሚወጡት። ገንዘቡ ከወታደሩ እጅ ወጥቶ ገበያ ከገባ በኋላ ቁጥሩን ማን ያያል? 6 የሚለው ከ10ኛው ሰው ኪስ፣ 10 የሚለው ከዳቦ ሻጩ ዘንድ ይገባል። ሦስት ሌጌዎኖች ደግሞ ቁጥራቸው ብቻ ሳይሆን መጠሪያቸውም ተጽፎላቸዋል። 12ኛው «ጥንታዊው»፣ 17ኛው «የባሕር ኃይሉ»፣ 18ኛው «የሊቢያው» ተብለዋል። እነዚህ በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋቸው ከፍ ይላል።

ስለ ሁለተኛው፦ ነገሩ የማርትሬዛ ተቃራኒ ነው። ማርትሬዛ የቆየችው ብሯ የታመነ ስለነበር ነው። 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ከዚህ ውስጥ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። መቼም፣ የትም ብትመታ ይህ መጠን አልተቀየረም። የአንቶኒ ዲናር የቆየው ግን ብሩ ዝቅ ያለ ስለነበር ነው። ሽማግሌው ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ አንቶኒ ዲናሩን በብረት ደባለቀው ብሎ ጽፏል። በዘመናችን በተደረገ ምርመራ የተገኘው መዳብ ነው። ድብልቁ በጣም ብዙ አልነበረም፤ ግን ነጋዴው ያውቀዋል።

አሁን አስቡት። አንድ ሰው እጁ ላይ ሁለት ዲናር አለ፤ አንዱ ጥሩ ብር፣ አንዱ የአንቶኒ። ገበያ ላይ ሁለቱም እኩል ይቆጠራሉ። የትኛውን ይሰጣል? የአንቶኒን ነዋ። ጥሩውን ይደብቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮ በ64 ዓ.ም. ገደማ የዲናሩን ክብደትም የብሩንም ጥራት ቀነሰ። ትራጃን ደግሞ በ107 ዓ.ም. አካባቢ ያረጀውን ገንዘብ ሰብስቦ አቀለጠ። ጥሩ ጥሩዎቹ አሮጌ ዲናሮች በዚህ ሁሉ ተለቅመው አለቁ። የአንቶኒን ማቅለጥ ግን ብዙም ትርፍ ስለሌለው ቀረ። በብሪታንያ ምድር ሳይቀር በየክምችቱ ይገኛል። ሮማውያን ደግሞ ብሪታንያን የወረሩት በ43 ዓ.ም. ነው፤ አንቶኒ ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን እንኳ ልሙጥ ሆኖ ሲዘዋወር ነበር።

ውጤቱን ተመልከቱ። የተሸነፈው ሰው ዓርማ ከአሸናፊው ዘመን አልፎ በየገበያው ኖረ። እንዲያውም ንጉሠ ነገሥታቱ ማርቆስ ኦሬሊየስና ሉሲየስ ቬረስ ከ160ዎቹ ዓ.ም. አንሥቶ በነበሩት ዓመታት ይህንኑ ዲናር እንደገና አስመትተውታል። መርከቡ፣ ንስሩ፣ የአንቶኒ ስም ሳይቀር አለበት። ቁጥሩ ደግሞ 6 ነው፣ እንደ ንስር12 ሳንቲም። አንቶኒ በኦክታቪያን ከተሸነፈበት ከአክቲየም ጦርነት ወደ 200 ዓመት ገደማ ቆይቶ!

ድሮና ዘንድሮ

አባ መዝገብ፣ እድሜ ይስጥዎት። እንዲህ ሲብራራ ደስ ይላል።

ሚዛን

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዋናው ነጥብ አልስማማም። ወታደሩ ሥዕሉን ማየቱን በምን አወቅን? ብዙው ማንበብ የማይችል ገበሬ ነው። እሱ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ይከፈለኛል ወይ፣ በሰዓቱ ነው ወይ፣ ብሩ ሙሉ ነው ወይ። አንቶኒ ንስር ቀረጸ፣ ግን ብሩን ቀነሰ። ወታደሩ የቱን አመነ? መልሱ አክቲየም ላይ ታይቷል። ሴፕቴምበር 2 ቀን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 31፣ አንቶኒ ክሊዮፓትራን ተከትሎ በመርከብ ሄደ። የምድር ጦሩ ሰባት ቀን ያህል ቆየና ለኦክታቪያን ገባ። በንስርና በቁጥር ታማኝነት ቢገዛ ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር።

ንስር12

ሚዛን፣ ጠንካራ ነጥብ ነው። ግን ሰባቱን ቀን እኔ የማየው በሌላ በኩል ነው። ጦሩ አዛዡ ከሸሸ በኋላ ሰባት ቀን ሙሉ አልተበተነም። ለመግባትም የተስማማው ከተደራደረ በኋላ ነው፤ ወታደሮቹ ለራሳቸው ጥቅም ተነጋገሩ። አንዳንዶቹ ሌጌዎኖች ቁጥራቸውንና ንስራቸውን ይዘው በኦክታቪያን ሠራዊት ውስጥ ቀጠሉ። ታማኝነታቸው ለሌጌዎናቸው ነበር። ሳንቲሙም ያለው ይህንኑ ነው። አንቶኒን አልጠቀመውም፤ ወታደሩን ግን በትክክል አውቆታል።

ማንበብ ስላለመቻላቸው፦ ሌጌዎን ውስጥ የሚጽፉና የሚያነቡ ብዙ ነበሩ፤ የደመወዝ መዝገብ፣ የጥበቃ ተራ፣ ደብዳቤ ሁሉ በጽሑፍ ነው። ደግሞስ ንስርን ለማወቅ ማንበብ ያስፈልጋል እንዴ? በየቀኑ ከፊቱ ተሸክመውት የሚሄዱትን ዓርማ?

አባ መዝገብ

ሁለታችሁም የያዛችሁት ነገር አለ። እኔ የማምነው ግን እነዚህ ሳንቲሞች ጮክ ብለው የሚናገሩት የጎደለውን ነው።

ኔርቫን እንውሰድ። ዶሚቲያን በ96 ዓ.ም. ተገደለና ሽማግሌው ኔርቫ ነገሠ። ጦሩ ዶሚቲያንን ይወደው ነበር፤ ደመወዙን ከ225 ወደ 300 ዲናር ያሳደገለት እሱ ነው። ኔርቫ ወዲያው ዲናር አስመታ። ሁለት እጆች ተጨባብጠዋል፤ በአንዳንዱ ላይ እጆቹ የሌጌዎን ንስር ይዘዋል፣ ንስሩም በመርከብ አፍንጫ ላይ ቆሟል። ጽሑፉ «የሠራዊቶች ስምምነት» ይላል። በቀጣዩ ዓመት የራሱ የክብር ዘበኞች ቤተ መንግሥቱን ከበው የዶሚቲያንን ገዳዮች አምጣ አሉት። ሰጣቸው፤ ዓይኑ እያየ ገደሏቸው። ቶሎ ብሎ ትራጃንን ልጄ ነው ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ስምምነት ቢኖር ኖሮ ሳንቲም ላይ መጻፍ ባላስፈለገ።

በ69 ዓ.ም. አራት ንጉሠ ነገሥታት በተፈራረቁበት ዓመትም ተጨባብጠው የሚታዩ እጆች ያሉበት «የሠራዊቶች ታማኝነት» የሚል ዲናር ወጥቷል። በዚያ ዓመት ማን ለማን ታማኝ ነበር?

ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ደግሞ በ193 ዓ.ም. የአንቶኒን ሐሳብ ወሰደ። ያው ንስር፣ ያው ሁለት ዓርማ፣ ከሥሩ የሌጌዎኑ ስም። በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው ካርኑንተም ላይ ያነገሠው 14ኛው ሌጌዎን፣ ጌሚና፣ በብዛት ተመቶለታል። አስተውሉ፤ በሶርያ የተቀናቃኙ የኒጀር፣ በብሪታንያም የአልቢነስ ሌጌዎኖች እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ምስጋናም ነው፣ ማስጠንቀቂያም ነው። በሱ ዘመን ዲናሩ ውስጥ ያለው ብር ወደ ግማሽ ወርዷል። ሲሞት ለልጆቹ የተናገረው በታሪክ ጸሐፊው በካሲየስ ዲዮ ተጽፏል፦ ተስማሙ፣ ወታደሮቹን አበልጽጉ፣ ሌላውን ሁሉ ናቁ።

መንገደኛው

ስለ ንስር ከተነሣ የካራንን ነገር ማንሣት የግድ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ላይ አብርሃም ከአባቱ ጋር የተቀመጠባት ካራን ማለቴ ነው፤ ሮማውያን ካሬ ይሏታል። ክራሰስ የሚባለው ሀብታም ከክርስቶስ ልደት በፊት 53 ላይ እዚያ አካባቢ በፓርቲያውያን (ሐዋርያት ሥራ ላይ ጳርቴ የተባሉት ናቸው) ተሸነፈ። ራሱም ሞተ፣ ንስሮቹም ተማረኩ። 33 ዓመት ሙሉ በጠላት እጅ ቆዩ። አውግስጦስ በ20 ላይ አስመለሳቸው። እንዴት? በድርድር። አንድም ጦርነት አልተደረገም፤ እንዲያውም የፓርቲያውን ንጉሥ ልጅ መልሶለታል።

ዲናሩ ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው ያለው። ሱሪ የለበሰ ፓርቲያዊ ተንበርክኮ ዓርማውን በቀኝ እጁ ሲያቀርብ ይታያል። ተንበርካኪው ትንሽ ነው፤ ዓርማው ከሱ በላይ ይረዝማል። በሮም የሚኖር ሰው ይህን አይቶ ስለ ድርድር ያስባል? ሰይፍ የተመዘዘ ነው የሚመስለው። ለኔ ከሁሉ የሚገርመው የሮማ ብር ይሄ ነው። ሌላው ቢያንስ ምኞት ነው፤ ይሄኛው የሆነውን ነገር ቀይሮ ይናገራል።

የሐይፋዋ

ሰላም ወንድሞቼ፣ አባ መዝገብም ሰላም ያገኙልኝ። ሚዛን «ወታደሩ የሚያየው ደመወዙን ነው» ላለው ከዚህ ከእስራኤል ሁለት ማስረጃ ላካፍላችሁ።

ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ ቬስፓስያን ዲናር አስመታ። የድል ምልክት ተተክሏል፤ ምልክቱ የተማረከ ጋሻና የጦር ልብስ የተሰቀለበት ግንድ ነው። ከሥሩ አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ስሟ ከታች ተጽፏል፤ ይሁዳ።

በዚያው ዘመን የአይሁድን ምሽግ ማሳዳን የከበበ ጋይዩስ መሲዩስ የሚባል የሮማ ወታደር ነበር። የደመወዙ ወረቀት ማሳዳ ላይ በቁፋሮ ተገኝቷል። አንዱ ክፍያ 50 ዲናር ነው። ተቆራጩን ስሙ፦ ለገብስ 16፣ ለቀለብ 20፣ ለጫማ 5፣ ለጠፍር 2፣ ለተልባ እግር ቀሚስ 7። ደምሩት። 50 ይመጣል። አንድም አልተረፈውም። ስለዚህ ሚዛን፣ ይህ ሰው ከዚያ ክፍያ ላይ ዲናሩን በእጁ መያዙንም እንጃ፤ በወረቀት ገብቶ በወረቀት ወጥቷል። እኔ ይህን ሳነብ ስለ ድል ያለኝ ሥዕል ተለወጠ። የድሉ ሳንቲም ሌላ፣ የወታደሩ ኑሮ ሌላ።

ሁለተኛው የአይሁድ ዓመፅ መሪ የነበረው የባር ኮክባ ነው። ከ132 እስከ 135 ዓ.ም. አይሁዳውያን እንደገና ሲያምፁ የራሳቸው ብር አልነበራቸውም። የሮማን ዲናር ወስደው በላዩ መቱበት። የንጉሠ ነገሥቱ ፊት ላይ የወይን ዘለላ፣ በገና፣ መለከት አደረጉ። በትልልቆቹ ላይ ደግሞ የቤተ መቅደሱን ፊት። «ለኢየሩሳሌም ነፃነት» የሚልም አለ። አንዳንዶቹ በደንብ አልተመቱም፤ ከወይኑ ጀርባ የቄሳሩ አፍንጫ ወይም የስሙ ፊደል ብቅ ይላል። ኢየሩሳሌም የሚኖር ወይም የሚመጣ ሰው ካለ እስራኤል ሙዚየም ገብቶ የዘመኑን ሳንቲሞች ይመልከት። ፎቶ አይበቃም። ሥዕሉ ለሰው ግድ የማይሰጠው ቢሆን፣ በጦርነት መሀል ማን ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ይመታበታል?

ሚዛን

እህቴ፣ የባር ኮክባው አሳምኖኛል። ሥዕሉ ጠላትን እንደሚያስቆጣ ከተቀበልን ወዳጅንም እንደሚነካ መቀበል አለብን። ስለ ደመወዙ ግን በአቋሜ ጸንቻለሁ፤ የመሲዩስ ወረቀት እንዲያውም የኔ ምስክር ነው።

ጉጉት

እኔ ጀማሪ ነኝ። ሁለት አጭር ጥያቄ፦ ይህ ዲናር ወደ እኛ አገር ደርሷል ወይ? ደግሞ አንድ ሰው ሊገዛ ቢፈልግ እንዳይሸወድ ምን ይይ?

ንስር12

ስለ መግዛቱ እኔ ልመልስ፤ ያገሩን ነገር ለአባ መዝገብ እተዋለሁ።

የሌጌዎን ዲናር በጥንቱም ዘመን በሐሰት ተሠርቷል። ውስጡ መዳብ ነው፤ ላዩ በስስ ብር ተሸፍኗል። ስለዚህ መጀመሪያ መዝን። በጣም ቀላል ከሆነ ተጠራጠር። ከዚያ ጠርዙንና የተፋቀ ቦታ ካለ እይ፤ አረንጓዴ ወይም ቀይ ከሥሩ ከታየ መዳብ ነው። ላዩ ላይ ትንንሽ የተበሱ ምልክቶች ካየህ አትደንግጥ። ገንዘብ መንዛሪዎች ብሩን ለመፈተሽ የመቱት ነው፤ የኔዋ ላይ መርከቧ አፍንጫ አጠገብ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል አለ። በዘመናችን የሚሠሩት ሐሰተኞች በአብዛኛው በቅርጽ የፈሰሱ ናቸው፤ በማጉያ ስታየው ላዩ ላይ የአረፋ ቀዳዳ ይታያል።

ከሁሉ በላይ ግን ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ጠይቅ። የብሩተስን ሳንቲም ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። ዩልየስ ቄሳርን ከገደለ በኋላ ሁለት ጩቤና በመሀላቸው የነፃነት ቆብ ያስቀረጸበት ነው። ዲናሩ ብር ነው፤ በጣም ጥቂት ደግሞ በወርቅ ተመተዋል። ከወርቆቹ አንዱ በ2020 ለንደን ውስጥ በሚሊዮኖች ተሸጠ። በኋላ የቀረበው የባለቤትነት ታሪክ ሐሰት ሆኖ ተገኘና በ2023 ለግሪክ ተመለሰ። ከመሬት ተሰርቆ የወጣ ሳንቲም ከማን ጋር፣ በምን ማሰሮ ውስጥ እንደተቀበረ አይነግርህም። አባ መዝገብ ከላይ የነገረን ሁሉ የታወቀው ከክምችት ነው። ያ ሲጠፋ ታሪኩም ይጠፋል።

አባ መዝገብ

ለጉጉት፦ አዎ፣ ደርሷል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የነጋዴዎች መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል «ጥቂት ዲናር» ይላል፤ እዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚሆን። ጥቂት ነው፤ ያገሩ ሰው የሚፈልገው ሌላ ዕቃ ነበር። ብዙው የሮማ ብር በዚያው ባሕር አልፎ ሕንድ ገብቷል። ሕንድ ውስጥ በብዛት ከሚገኙት አንዱ የአውግስጦስ የጉዲፈቻ ልጆች ጋይዩስና ሉሲየስ ያሉበት ነው። ሁለቱ ወጣቶች ቆመው ጋሻቸውን ይዘዋል፤ ከጋሻዎቹ ጀርባ ጦር ይታያል። ሁለቱም ሳይነግሡ ሞቱ፤ ሳንቲማቸው ግን ሕንድ ደረሰ።

የራሳችን ነገሥታት ሳንቲም መምታት የጀመሩት በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በእንዱቢስ ነው፤ ወርቅም፣ ብርም። የአክሱም ሳንቲም ላይ በአብዛኛው የንጉሡ ፊት፣ በግራና በቀኝ የእህል ዘለላ፣ ከላይ መጀመሪያ ጨረቃ፣ ከኢዛና ወዲህ መስቀል ነው ያለው። የተንበርከከ ምርኮኛ፣ የተሰቀለ ጋሻ አታገኝም። ግን አንድ ነገር አለ። ንጉሡ ከስሙ ቀጥሎ «የእገሌ ሰው» ተብሎ ይጠራል። ኢዛና «ብእሴ ሐለን» ነው። ያው ኢዛና ስለ ኖባ ዘመቻው ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ ካዘመታቸው ጭፍሮች አንዱ ሐለን ይባላል። ስለዚህ አንዳንድ ሊቃውንት ይህ መጠሪያ ንጉሡ የወጣበት የጦር ክፍል ስም ነው ይላሉ።

ንስር12

አባ መዝገብ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው! እውነት ከሆነ የአክሱሙ ንጉሥ ያደረገው ከአንቶኒ ይበልጣል። አንቶኒ የሌጌዎኑን ቁጥር ጻፈ፣ የራሱን ስም በሌላው ገጽ አደረገ። ኢዛና ስሙንና የጭፍራውን ስም አንድ ላይ ጻፈ።

አባ መዝገብ

አትቸኩል። ሌሎች ሊቃውንት የነገድ ወይም የቤተሰብ ስም ነው ይላሉ፤ ጭፍሮችም በመጡበት ወገን ስም ሊጠሩ ይችላሉ። ክርክሩ አላለቀም። ሐለን የሚለው ግን በሁለቱም ቦታ አለ፤ በሳንቲሙም በድንጋዩም። ማንበብ የምትችሉ ፎቶውን ፈልጋችሁ የሳንቲሙን ግሪክኛ ከድንጋዩ ግእዝ ጋር አስተያዩት። ለአክሱም ሳንቲሞች ክር ብንከፍት እዚያ እቀጥላለሁ።